ማንም አላስወጣህም

ውድ አርቮ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ ቨርና ናት። መነጽሯን እስክትፈልግ ድረስ ታገሣት። ሚስትህ ናትና እንደ ምስክር አታፋጥጣት፤ የምታነበው የእኔን ቃል እንጂ የራሷን አይደለም።

ባለፈው የጻፍኩልህ አጭሩ ደብዳቤ እንዳልበቃ ነገረችኝ። ጠዋት ትነሣለህ፤ ትላጫለህ፤ ከረባትህን ታስራለህ፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆመህ የመኪና ቁልፍ ትፈልጋለህ። ቨርና "አርቮ፣ ጡረታ ወጥተህ የለ እንዴ?" ስትልህ ፊትህ ይለዋወጣል። "ማነው ያስወጣኝ? እንደ ክሮስቢ አዋርደው ነው አይደል ያባረሩኝ?" ትላለህ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ለእኔ ትደውላለህ። ማክሰኞ ዕለት ስትደውል ሰላምታ እንኳን አላስቀደምክም። "ዊኒፍሬድ ኦዴል! አንቺ እውነቱን ትነግሪኛለሽ። ምን አጥፍቼ ነው?" አልከኝ። ችሎት ለእረፍት ተነሥቶ ነበር። እንደምንም አረጋግቼህ ስልኩን ዘጋሁና ካባዬን እንደለበስኩ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

"እኔ ስነግረውማ አያምነኝም" አለችኝ ቨርና። "'አንቺ ሚስት ነሽ፣ ታባብይኛለሽ' ይለኛል። ከፍርድ ቤት የመጣ ወረቀት ሲሆን ግን ዝም ብሎ ይሰማል። የጻፍሽውን ሳነብለት ማንም እንዳላስወጣው ይገባዋል፣ ይረጋጋል። ግን ዊኒ፣ በጨረስኩ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቀኛል። 'ሴትየዋስ?' ይለኛል። እኔ የት አውቄ ምን ልበለው?"

እውነቷን ነው። በዚያ ደብዳቤ "በአንዲት ሴት ጉዳይ ላይ ሳለህ በገዛ ፈቃድህ ወንበሩን ተውክ" ብዬ ሌላውን በሆዴ አስቀርቼዋለሁ። አንተ ግን ስለ ራስህ የጻፍኩትን ሁሉ አልፈህ ስለ እሷ ትጠይቃለህ። አርቮ ሃካላ ከዚህ ውጪ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ ይኸው ከሥሩ ልጽፍልህ ተቀምጫለሁ። ጥያቄህ በመጣ ቁጥር ይነበብልህ።

አንተ ብረት ከሚቆፈርበት ከሰሜኑ አገር የወጣህ የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነህ። አባትህ ከፊንላንድ ሲመጡ የያዙት ጠንካራ ክንድና ትንሽ አፍ ነበር። አንድ ጊዜ ያለ ወቅቱ አጋዘን ገደሉ ተብለው ዳኛ ፊት ቀረቡ። የሚናገሩትን በእንግሊዝኛ ሲያጠኑ ሰንብተዋል። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ፤ ዳኛው ቀና ብሎ ሳያያቸው ቅጣቱን ነገራቸውና "ቀጣይ!" አለ። አንተ አብረሃቸው ነበርክ። "አባቴን ያሳዘነው ቅጣቱ አይደለም፤ ያ ሁሉ ያጠናው እንግሊዝኛ መባከኑ ነው" እያልክ ትነግረኝ ነበር። ስትነግረኝ ፈገግ ትላለህ፤ ዓይንህ ግን ፈገግ አይልም።

ከዚያ ሕግ ተማርክ፤ ጠበቃ ሆንክ፤ ለስንት ምስኪን በነጻ ተሟገትክ። ፕሬዚዳንቱ ለፌደራል ዳኝነት ሲያጭህ ሴኔቱ ፊት ቀርበህ ቀኑን ሙሉ ተጠየቅክ፤ ጸደቀልህም። ለእናትህ ስትደውልላቸው የተባባላችሁትን በየግብዣው ላይ ስታወራ ሰምቼ ቁጥሩን ረስቻለሁ።

"ዳኛ ሆንኩ እማዬ።"

"እሰይ! ለስንት ዓመት ነው?"

"ዕድሜ ልክ ነው።"

"ዕድሜ ልክ? ውይ ልጄን! ምን አድርገህ?"

እዚህ ላይ ቨርና ቀና ብላ ታይህ። ካልሳቅክ ደብዳቤውን አጥፋ አልጋ ላይ ታስተኛህ፤ ታመሃል ማለት ነው።

ከሁሉም የከበደህ ፍርድ የማዕድን ኩባንያው የድንጋይ አተላውን ወደ ሐይቁ መድፋቱን እንዲያቆም ያዘዝክበት ነው። የገዛ አገርህን ሰዎች ሥራ ያስፈታ ፍርድ ነበር። የኩባንያው ፋብሪካ ሁለት ክረምት ተዘጋ። ወንድምህ ሬይኖ በሩን ዘጋብህ። በዚያው መሐል አባትህ ሞቱና ልትቀብር ሄድክ፤ ከአባትህ ጋር ማዕድን የቆፈሩ ሽማግሌዎች ጀርባቸውን ሰጡህ። አንዱማ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ "አባትህንም ሐይቁ ይቅበርልሃ!" አለህ። የሬሳ ሣጥኑ ተሸካሚ ሲጎድል ራስህ ገብተህ ተሸከምክ። በማግስቱ ሰኞ ችሎትህ ላይ ነበርክ፤ ፍርዱንም አላጠፍክም። ከዓመታት በኋላ ሬይኖ ሳይጠራ ቤትህ መጥቶ ባልዲ ሙሉ ዓሣ ማድ ቤት ውስጥ አስቀመጠና "ከዚያው ሐይቅ ነው፤ ደህና ጣዕም አለው" ብሎ ሄደ። እናንተ ፊንላንዶች ይቅርታ ስትጠያየቁ እንደዚህ ናችሁ፤ እኔማ አልገባኝም ነበር።

እኔ የተሾምኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን በሬን አንኳኩተህ በጋዜጣ የተጠቀለለ የተጨሰ ዓሣ ይዘህ ገባህ። "ክቡር ዳኛ ሃካላ፣ እርስዎ ድረስ መጥተው..." ብዬ ስጀምር "አንቱታውን ተይና ቢላዋ ፈልጊ። ይሄ ሥራ ያስርባል" አልከኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳችን አንድ ላይ ነበር። በሕግ ነገር ስንት ጊዜ ተጣላን! አንተ እኔን "ችኩል" ትላለህ፤ እኔ አንተን "ድንጋይ" እላለሁ። ሁለታችንም ልክ ነበርን።

አሁን ደግሞ ስለ ልማድህ ልንገርህ፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነው። ሕጉ ዳኛ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ጥፋተኛውን የሚለው ነገር እንዳለው ይጠይቀው ይላል። አብዛኞቻችን እንጠይቃለን፤ እየጠየቅን ወረቀት እንገልጣለን፤ የምንፈርደውንማ ከቤታችን ይዘነው መጥተናል። አንተ ግን እስክሪብቶህን ከእጅህ ታርቃለህ፤ መነጽርህን ታወልቃለህ፤ "ሊነግሩኝ የሚፈልጉት ነገር ካለ ጊዜ አለኝ" ትላለህ። ከዚያ ትጠብቃለህ። አንድ ባንክ የዘረፈ ወጣት ምንም አልናገርም ብሎ ቆሞ፣ አንተ ዝም፣ እሱ ዝም፤ ሰው ሁሉ በየወንበሩ መቁነጥነጥ ጀመረ። ሥርዓት አስከባሪው የተኛህ መስሎት ጉሮሮውን ጠራረገ። ልጁ በመጨረሻ "የእናቴን ስም ማንም አልጠየቀኝም" ብሎ ጀመረና ለግማሽ ሰዓት ተናገረ። ቅጣቱን አላቀለልክለትም። ነገር ግን እስር ቤት ሆኖ በየገናው ካርድ ይልክልህ ነበር። እንደሱ ካርድ የሚልኩልህ እስረኞች ብዙ ናቸው፤ በቢሮህ መስኮት ላይ ትደረድራቸው ነበር። በየመኸሩ አዳዲስ ወጣት የሕግ ረዳቶች ስቀጥር መጀመሪያ የማደርገው ወደ አንተ ችሎት ወስጄ ከኋላ ማስቀመጥ ነበር። "እዩት፤ ይሄ መጽሐፍ ላይ የለም" እላቸው ነበር።

ስለ ክሮስቢ ደጋግመህ ስለምታነሣ እሱንም ልንገርህ። ሌላንድ ክሮስቢ ከሁለታችንም በፊት የነበረ፣ በዘመኑ አንበሳ የተባለ ዳኛ ነው። ሲያረጅ አእምሮው ደከመ። የእኛን ሹመት ታውቀዋለህ። ፕሬዚዳንት ይሾመናል፤ ሴኔት ያጸድቃል፤ ከዚያ በኋላ ወንጀል ካልሠራን በቀር የሚያወርደን የለም። ባለሥልጣን እንዳንፈራ ታስቦ የተሠራ ደግ ሕግ ነው። ነገር ግን እኛ ማንንም መፍራት ስንተው፣ ሰው ሁሉ እኛን መፍራት ይጀምራል። ቀልዳችን ባያስቅም ይስቃሉ። ስንሳሳት ጫማቸውን ያያሉ። ክሮስቢን ለዓመታት ረዳቶቹ ደገፉት፤ እነሱ ይጽፋሉ፣ እሱ ይፈርማል። በኋላ አዲስ መዝገብ ወደ እሱ መምራት ተዉ። እሱ ግን በየቀኑ እየመጣ፣ ካባውን እየለበሰ፣ ባዶ ችሎት ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ለድመት ቃጭል ማን ይሰርላት? ተማክረን ሁለታችን ልንነግረው ቤቱ ሄድን። "እባቦች!" አለን። "ሁለት እባቦች! ከፊቴ ጥፉ!" ከሳምንት በኋላ ልጁ መጥቶ ሰው እንዳያየው በዕቃ ማስገቢያው በር ይዞት ወጣ። አንተን የሚያስፈራህ ይህ በር ነው፤ አውቃለሁ።

ያን ቀን ከክሮስቢ ዘንድ በአንተ መኪና ስንመለስ ብረት የጫነ መርከብ ሊያልፍ የወደቡ ድልድይ ወደ ላይ ተነሥቶ ነበር። ሞተሩን አጥፍተን ቆምን።

"ዊኒ" አልከኝ።

"አቤት።"

"እኔም እንደዚህ ስሆን ንገሪኝ።"

"አንተስ ትነግረኛለህ?"

"እነግርሻለሁ። ግን ስትነግሪኝ እሰድብሻለሁ።"

"ለምጄዋለሁ እኮ።"

"አይ፣ ያኔ ከምሬ ነው የምሰድብሽ። ውጪልኝ እልሻለሁ። ያንን አትስሚው። ቃሌ ይሄ አሁን የምነግርሽ ነው።"

ድልድዩ ወረደ፤ ሞተሩን አስነሣህ። ስለዚህ ነገር ለዓመታት አንዳችንም አላነሣንም።

ቨርና፣ ከዚህ በኋላ ያለው ከበድ ይላል። ውሃ ስጪው።

የዛሬ ሦስት ዓመት በመኸር እንደ ልማዴ ረዳቶቼን ይዤ ችሎትህ ገባሁ፤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጥፋተኛዋ ዳርላ ስኮግ ትባላለች። ድንበር አጠገብ ባለች ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነበረች። በመኪናዋ አደንዛዥ ክኒን ከካናዳ ስታሻግር ኖራለች፤ አምናለች። ቅጣት ሊወሰን ነበር። እስክሪብቶህን አራቅክ፤ መነጽርህን አወለቅክ፤ "ወይዘሮ ስኮግ፣ ሊነግሩኝ የሚፈልጉት ነገር ካለ ጊዜ አለኝ" አልካት።

ተነሣች። "ልጄ ኮልተን ክኒኑን ከደበቅኩበት አግኝቶ ዋጠው" አለች። "ሞቶ ጋራዡ ውስጥ ነው ያገኘሁት። ጫማውን እንኳን አላወለቀም ነበር። ሌላ ሰው ሸጦለት ቢሆን ሌላውን ሰው እረግም ነበር። ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ። እርስዎ የሚሰጡኝ ቅጣት ሁሉ ከዚህ በታች ነው።" ብዙ ተናገረች። አንተ እንደ ሁልጊዜህ ሰማሃት። ከረዳቶቼ አንዱ እንባውን በከረባቱ ጠረገ።

ተቀመጠች። መነጽርህን መልሰህ አደረግክ፤ ዐቃቤ ሕጉን አንድ ነገር ጠየቅከው፤ መለሰልህ። ወረቀት ገለጥክ። ከዚያ እስክሪብቶህን አራቅክ፤ መነጽርህን አወለቅክ፤ በዚያው ለስላሳ ድምፅህ፣ "ወይዘሮ ስኮግ፣ ሊነግሩኝ የሚፈልጉት ነገር ካለ ጊዜ አለኝ" አልካት።

ዐቃቤ ሕጉ ጫማውን አየ። ጠበቃዋ ከወንበሩ ብድግ ሊል አለና መልሶ ቁጭ አለ። የችሎት ጸሐፊህ ኦፓል ጣቶቿ መጻፊያው ላይ ደረቁ። ስንት ዓመት አብራህ የሠራች ሴት! ዳርላ ወደ ጠበቃዋ ዞረች፤ እሱ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ያላመንካት መስሏታል፤ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

"ከመጀመሪያው ልጀምር?" አለችህ።

"ከፈለጉበት ይጀምሩ" አልካት።

እንደገና ተናገረች። ጋራዡን። ጫማውን። በዚህኛው ዙር ድምጿ ውሃ የጨረሰ ጉድጓድ ሆኖ ነበር። አንተ ደግሞ እንደ መጀመሪያው በሙሉ ልብህ ትሰማት ነበር። የሕይወትህ ትልቁ ደግነት በዓይኔ ፊት ሰው ማሠቃያ ሆነ፤ አንተም አላወቅክም።

ስትጨርስ ጠበቃዋ ሌላ ነገር ሰበብ አድርጎ ለማግስቱ ጠዋት እንዲቀጠር ጠየቀ፤ ፈቀድክ።

ከሰዓት ቢሮህ ገባሁ። ጫማህን አውልቀህ የገና ካርዶችህን ታያለህ።

"እህሳ፣ ልጆችሽ ተማሩ?"

"ተምረዋል።"

"ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።"

"አርቮ፣ ድልድዩ ጋ ቆመን የተባባልነውን ታስታውሳለህ?"

"መርከቡን ሳይቀር አስታውሳለሁ፤ ቀይ ነበር" አልክና ቆም አልክ። ካርዱን አስቀመጥክ። "የማን ተራ ነው?"

"ያንተ።"

ጫማህን መልሰህ አደረግክ። ከዚያ የድሮው ጠበቃ ተነሣብህ። "ማስረጃሽን አቅርቢ።"

"ሴትየዋን ሁለት ጊዜ አናገርካት።"

"አንድ ጊዜ ነው የተናገረችው።"

"ሁለት ጊዜ ነው አርቮ።"

በሩን ከፍተህ ኦፓልን ጠራሃት። "ኦፓል፣ ወይዘሮ ስኮግ ስንት ጊዜ ተናገረች?"

ኦፓል ወደ እኔ አየች፤ ወደ ወለሉ አየች። "ሁለቴ፣ ክቡር ዳኛ።"

"እና ለምን ዝም አልሽ?"

"እርስዎን ማን ይናገራል?"

ደምህ ፈላ። ጠረጴዛውን መታህ። "ለካ ይሄን ቀን ስትጠብቂ ነበር!" አልከኝ። "አንድ ቀን ደክሞኝ ቢሆንስ? ያንቺን ስንቱን ስህተት ሸፍኛለሁ! ውጪልኝ! ሁለታችሁም ውጡልኝ!" ወጣን። ኦፓል ኮሪደሩ ላይ ስታለቅስ "አይዞሽ፣ ቃሉን ጠብቆ ነው የሚሰድበኝ" አልኳት። አልሳቀችም፤ እኔም ለማሳቅ አላልኩትም። ጠዋት ምን እንደምታደርግ አላውቅም ነበር። ገብተህ ብትቀመጥ ማንም አይከለክልህም። ያቺ ሴት ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ፊትህ ትቆማለች።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። የዳኛው በር ተከፈተ። ካባህን ክንድህ ላይ አንጠልጥለህ፣ በዚያ አሮጌ ቡናማ ኮትህ ገባህ። ያለ ካባ እዚያ ቆመህ ያየህ ሰው አልነበረም። ሥርዓት አስከባሪው "ሁሉም ይነሣ!" የሚለውን ከአፉ ላይ መለሰው፤ ግማሹ ሰው ተነሣ፣ ግማሹ ተቀመጠ። "ቁጭ በሉ" አልክ። አንተ ግን አልተቀመጥክም።

እንዲህ አልክ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ፤ "ወይዘሮ ስኮግ፣ ትናንት ስለ ልጅዎ ሁለት ጊዜ አናገርኩዎት። ስላላመንኩዎት አይደለም። የመጀመሪያውን ረስቼው ነው። ጭንቅላቴ እየከዳኝ ነው። ይህን እያወቅኩ በእርስዎ ላይ መፍረድ አልችልም፤ በማንም ላይ አልችልም። ሰው ሁሉ እኔን ፈርቶ ዝም ሲል ዋጋውን የከፈሉት እርስዎ ነዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ዳርላ ሳይፈቀድላት ተነሣች። ጠበቃዋ እጅጌዋን ያዛት፤ አስለቀቀችው።

"ሁለተኛውን ግን ሰምተውኛል?" አለችህ።

"ሰምቻለሁ። ስሙ ኮልተን ነው። ጫማውን አላወለቀም ነበር።"

"እሺ" አለች። "ይበቃኛል።"

ካባህን ወንበሩ ላይ አኖርክ። የዳኛው በር ከጀርባህ ነበር፤ በእሱ አልሄድክም። ደረጃውን ይዘህ ወረድክ፤ በጠበቆቹ መካከል አልፈህ፣ በሕዝቡ መተላለፊያ፣ በትልቁ በር ወጣህ። ማንም ተነሡ ሳይለን ተነሣን። ዐቃቤ ሕጉም ተነሣ። ያቺ ሴትም።

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩብህ። "ዊኒ፣ ትናንት ሰደብኩሽ እንዴ?" አልከኝ።

"አሳምረህ።"

"ምን አልኩሽ?"

"ብዙ። እባብ ግን አላልከኝም።"

"እያረጀሁ ነው" አልክ። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ተደግፈህ እስከ መኪናው ሄድን። ቨርና ቤታችሁ በር ላይ ትጠብቅህ ነበር፤ ማልደህ ነግረሃት ኖሯል።

እንግዲህ ይህ ነው አርቮ። ማንም አላስወጣህም። ዋሽንግተን አላስወጣህም፤ እኔም አላስወጣሁህም፤ በዕቃ ማስገቢያው በርም አልወጣህም። ብዙ ፍርድህን አንብቤአለሁ፤ የሐይቁን ጨምሮ። ከሁሉም የሚበልጥብኝ ያን ጠዋት በራስህ ላይ የፈረድከው ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሰው ኮርቼ አላውቅም፤ ይህን ፊት ለፊት ሳልነግርህ ስለቀረሁ አሁን ይነበብልህ።

የእኔን ተራ በተመለከተ አትጨነቅ። ቃልህን ከትከሻህ አውርጃለሁ። ኦፓል አሁን ከእኔ ጋር ትሠራለች። "ስዘባርቅ ንገሪኝ" ብያታለሁ። "እርስዎን ማን ይናገራል?" አለች፤ ተያይተን ሳቅን። ባለፈው ሳምንት ግን የሁለት ጠበቆችን ስም ብቀያይር ሰው ፊት "ክቡር ዳኛ፣ ተሳስተዋል" አለችኝ። ተናድጄ ዋልኩ፤ ከዚያ አመሰገንኳት።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሴትየዋስ?

መዝገቡ ወደ እኔ ተላለፈ። ሕጉ ስለሚያስገድደኝ ጠየቅኳት፤ "ከኋላ ተቀምጬ ሁለቱንም ጊዜ ሰምቼዎታለሁ። ካልፈለጉ ሦስተኛ እንዲናገሩ አልፈልግም" አልኳት። "የምለውን ለሳቸው ብያለሁ" ብላ ተቀመጠች። ዐቃቤ ሕጉ ከጠየቀው አሳንሼ ሁለት ዓመት ተኩል ፈረድኩባት። አልተቃወመም። እስሯን ጨርሳ ባለፈው ጸደይ ወጣች።

ባለፈው ቅዳሜ በሐይቁ ዳር መንገድ ስነዳ አንድ ዳቦ ቤት ገባሁ። ዳቦውን የምትቆርጠው ሴት ነጭ ኮፍያ አድርጋለች። እኔ ሳላውቃት እሷ አወቀችኝ።

"ክቡር ዳኛ" አለችኝ።

"እዚህ ችሎት የለም፤ ዊኒ በዪኝ።"

አልደፈረችም። ዳቦዬን ስትጠቀልል ቀና ብላ አላየችኝም። ልወጣ ስል ግን በመደርደሪያው ላይ ጎንበስ ብላ፣

"ሽማግሌውስ? እንዴት ናቸው?" አለችኝ።

መልስ የማላጣ ሴት ነኝ፤ አንተ ታውቃለህ። ያን ጊዜ ግን ደህና ናቸው ብላት ሐሰት ይሆንብኛል፤ ታመዋል ብላት ደግሞ እውነቱ እሱ ብቻ አይመስለኝም። "ጠይቄ እነግርሻለሁ" አልኳት።

"ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ነኝ" አለች።

ስለዚህ፣ ሰው ደብዳቤ ሲጀምር የሚጠይቀውን እኔ መጨረሻ ላይ አመጣሁት። ያሰብከውን ንገራት፤ አትቸኩል። ቨርና፣ የሚለውን እንዳለ ጻፊልኝ፤ አታሳምሪው። ዛሬ የሚለው ከትናንት ቢለይም ሁለቱንም ላኪልኝ። ቅዳሜ ይዤላት እሄዳለሁ።

አርቮ፣ እንዴት ነህ?

ወዳጅህ
ዊኒ